የማዕድ ቤት ሳይንስ ለትንንሽ ልጆች፦ የትኛው ሙከራ ለየትኛው ልጅ?

ለልጁ የቤት ውስጥ ሙከራ የሚፈልግ ወላጅ ሐሳብ አያጣም። ዝርዝሩ ሞልቷል፤ ሁሉም "ቀላል፣ ርካሽና አዝናኝ" ተብሎ ቀርቧል። ሲሠራ ግን አንዱ በ10 ሰከንድ ያልቅና ልጁ "በቃ?" ይላል፣ ሌላው ሳምንት ያስጠብቃል። አንዱ ማታ ከእራት ጋር ይበላል፣ ሌላው የዕቃ ማጠቢያውን ቱቦ ይደፍናል። ከዚህ በታች ከ3 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆኑ፣ ዕቃቸው ከማዕድ ቤት ወይም ከሰፈር ሱቅ የማያልፍ 7 ሙከራዎች በአንድ ዓይነት መመዘኛ ተያይተዋል።

## በምን እንመዝናቸው?

ዋናው ጥያቄ ልጁ አንዲት ነገር ብቻ ቀይሮ ሙከራውን መድገም ይችላል ወይ የሚለው ነው። አረፋ ሲገነፍል አይቶ ማጨብጨብ ትርኢት ነው። "ውሃው ቀዝቃዛ ቢሆንስ?" ብሎ ሁለተኛ ብርጭቆ ማዘጋጀት ነው ሙከራ። ስለዚህ እዚህ ያማረ ግን የማይደገም ነገር ዝቅተኛ ቦታ ነው የሚያገኘው።

ቀጥሎ ጊዜ አለ። የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ውጤቱ ዓይኑ እያየ ካልመጣ ትቶ ይሄዳል። 7 ዓመት ያለፈው ግን በየቀኑ ሥዕል እንዲሥል ከተደረገ ቀናት ይከታተላል።

አደጋውን በተመለከተ ለሁሉም የሚሠራ ደንብ አለ፦ እሳትና የፈላ ውሃ የአዋቂ ናቸው። በተጨማሪ በረኪና ሙከራ ከሚሠራበት ክፍል ይውጣ፤ ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ልጆች ደግሞ አንዴ መቀላቀል ከጀመሩ ያገኙትን ሁሉ ነው የሚቀላቅሉት። ለሳሙና መሥሪያ የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳም ከምግቡ ሶዳ ጋር በስም እንጂ በሌላ አይገናኝም፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።

ወጪን በብር መተመን ዋጋው ስለሚለዋወጥ ብዙ አይጠቅምም። የሚሻለው መጨረሻ ላይ ምን እንደሚጣል ማየት ነው። እህልን መጫወቻ ማድረግ ደስ የማይላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ልክም ናቸው። ጾምም ይታሰብበት፦ በሁዳዴ 55 ቀናት እንቁላልና ወተት የማይገባበት ቤት ሙከራውን ከዚያው አንጻር ይመርጣል።

## 1. ሶዳና አቼቶ

ሁሉም የሚያውቀው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸውም እሱኑ ነው። የሚያበላሸው መጠኑ ነው። 3 ማንኪያ ሶዳ ላይ ጠብ ያለች አቼቶ ይፈስበታል፣ ለጥቂት ሰከንድ ይንተከተካል፣ ከዚያ ነጭ ዝቃጭ ታች ተኝቶ ይቀራል። ዝቃጩ አሲድ ያልደረሰው ሶዳ ነው። 5 በመቶ አሲድ ያለው አቼቶ በ100 ሚሊ ሊትሩ ማሟሸሽ የሚችለው 7 ግራም ሶዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ለ1 ልክ የሻይ ማንኪያ ሶዳ (5 ግራም ገደማ) 70 ሚሊ ሊትር አቼቶ፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ ያስፈልጋል። ሎሚም ከአቼቶ የማያንስ ኃይል አለው፤ ነገር ግን አንድ ትንሽ ሎሚ ቢጨመቅ 2 የሾርባ ማንኪያ ቢወጣው ነው፣ ሲኒውን ለመሙላት 2 ወይም 3 ይሄዳል።

ሌላው መሳሳቻ ቤኪንግ ፓውደር ነው። ፓውደሩ ውስጥ ሶዳና ደረቅ አሲድ አብረው አሉ፤ ውሃ ብቻ ሲነካው ይንተከተካል። ባለ ሱቁ የሰጠዎት የትኛው እንደሆነ ካልተለየ ግማሽ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይጨምሩ። አረፋ ካወጣ ፓውደር ነው፣ ዝም ካለ ሶዳ ነው። ይህን ራሱን ለልጁ ይስጡት፤ ሁለት ነጭ ዱቄት አስቀምጦ "የትኛው ነው?" ማለት ከጭቃ ተራራ ከመሥራት ይበልጣል።

ወደ ሙከራ ለመለወጥ 3 ረጃጅም ብርጭቆዎች ትሪ ላይ ይደርድሩ። እያንዳንዳቸው ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ይግባ። ሶዳው በአንደኛው ሩብ፣ በሁለተኛው ግማሽ፣ በሦስተኛው አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ይሁን። ልጁ አረፋው የደረሰበትን በማርከር ምልክት ያድርግ። ከሩብ ወደ ግማሽ ጉልህ ልዩነት አለ፤ ከግማሽ ወደ አንድ ግን ጭማሪው ትንሽ ነው፣ ታች ዝቃጭ ይቀራል። አቼቶው ማለቁ ነው።

አረፋው ሲወርድ ብርጭቆውን በሁለት መዳፉ እንዲይዘው ያድርጉ። የሚንተከተክ ነገር ሁሉ የፈላ የሚመስለው ልጅ ብርጭቆው ቀዝቅዞ ሲያገኘው እጁን አንስቶ እንደገና ይነካዋል። ሶዳና አቼቶ ሲዋሃዱ ሙቀት ከአካባቢያቸው ይወስዳሉ።

ክዳን በፍጹም አይደረግም። አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ከ1 ሊትር በላይ ጋዝ ይለቃል፤ የታሸገ ዕቃ ይፈነዳል። ልጁም ፊቱን ከብርጭቆው አፍ በላይ አያድርግ።

## 2. ቀለም የሚለውጥ ውሃ

ከ5 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል ይህን እንመርጣለን። ለመድገም ማለቂያ የለውም፣ ልጁ ራሱ ከማዕድ ቤቱ አዲስ ነገር እያመጣ "ይኼስ?" ማለት ይችላል።

ቀይ ጥቅል ጎመን 2 ኩባያ ይክተፉ፣ 2 ኩባያ የፈላ ውሃ ያፍስሱበት፣ 15 ደቂቃ ያቆዩትና በማጥለያ ያጥልሉት። ሐምራዊ ውሃ ይወጣል። በነጭ የቡና ሲኒዎች ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይቅዱ፤ ውስጡ ነጭ ካልሆነ ቀለሙ አይለይም። ከዚያ በየሲኒው አንዳንድ የሻይ ማንኪያ ይጨመር፦ ሎሚ፣ አቼቶ፣ የጨው ውሃ፣ የስኳር ውሃ፣ በውሃ የተበጠበጠ ሶዳ። አሲዶቹ ደማቅ ሮዝ ያደርጉታል፣ ሶዳው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይወስደዋል። ጨውና ስኳር ምንም አያደርጉም፤ የማይለወጠው ባይኖር ልጁ "ሁሉም ነገር ቀለም ይቀይራል" ብሎ ይሄዳልና አይተዋቸው። ደግሞ ከእያንዳንዱ በፊት ይገምት፤ ግምቱ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ መጻፍ ካልቻለ የቀለም እርሳሱን ከሲኒው ፊት ያስቀምጥ።

የሚያጋጥመው ችግር ውሃው ገና ሳይጀመር ወደ ሰማያዊ መሄዱ ነው። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ሲበዛበት እንዲህ ያደርጋል፤ አንድ ሁለት ጠብታ ሎሚ ይመልሰዋል። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ከ2 ቀን በኋላ ይሸታል፤ በበረዶ መሥሪያ አቀዝቅዞ ማስቀመጥ ይቻላል።

አምቦ ውሃ እዚህ ያስደስታል። አሁን ከተከፈተ ጠርሙስና ሌሊቱን ክፍት ብርጭቆ ውስጥ ካደረ እኩል ቀድተው ከጎመኑ ውሃ ጋር ያስተያዩ። የመጀመሪያው ውስጥ ያለው ጋዝ ትንሽ አሲድ ያደርገዋል፤ ያደረው ጋዙን አጥቶ ማዕድኑ ስለሚቀር ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል።

ቀይ ጎመን ካልተገኘ ከርከዴ አለ። 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ከርከዴ ለ1 ብርጭቆ የፈላ ውሃ ይበቃል። ከርከዴ ራሱ ጎምዛዛ ስለሆነ ሲጀመርም ቀይ ነው፤ ሎሚ ቢጨምሩበት ብዙም አይታይም። የሶዳ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ጠብ ሲደረግበት ግን ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያ ወደ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሄዳል። እርድ በተቃራኒው ሶዳና ሳሙና ላይ ብቻ ነው የሚናገረው፦ በውሃ ተለውሶ ነጭ ወረቀት ላይ የተቀባ እርድ፣ የሶዳ ውሃ በጥጥ ሲነካው ከቢጫ ወደ ቀላ ያለ ቡኒ ይለወጣል። ልብስ ላይ ከፈሰሰ ግን መከራ ነው፣ ያረጀ ቲሸርት ያልብሱት። ብዙ ቦታ ቀይ ሥርም ይሠራል ሲባል ይሰማል፤ በማዕድ ቤት ዕቃዎች ግን ለውጡ እምብዛም ነው። የቀይ ሥር ቀለም ከጎመኑ የተለየ ዓይነት ስለሆነ በሎሚም በሶዳም ያው ቀይ ሆኖ ይቆያል። ገንዘብዎን ለሰላጣ ያድርጉት።

## 3. እርሾ

1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ። ውሃው 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ 1 እጅ የፈላ ውሃ በ2 እጅ የቧንቧ ውሃ ሲቀላቀል እዚያው አካባቢ ይገኛል። ይህ ልክ አዲስ አበባን ለመሰሉ ደጋ ከተሞች ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሞቃቱ ወራት ከቧንቧ የሚወርደው ራሱ ትኩስ ስለሆነ የፈላው አያስፈልግም። መለኪያው የእጅ አንጓ ነው፦ ጠብ ሲደረግበት ሞቅ ይላል እንጂ አያቃጥልም።

3 ብርጭቆ ያዘጋጁ፦ ለብ ያለ ውሃ ከስኳር ጋር፣ ለብ ያለ ውሃ ስኳር ሳይገባበት፣ ቀዝቃዛ ከስኳር ጋር። በ20 ወይም 30 ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያው ወፍራም አረፋ ይሠራል፣ ሌሎቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ለትልቅ ልጅ አራተኛ ብርጭቆ ይጨመር፤ አዋቂ ገና የፈላ ውሃ ያፍስስበት፣ እርሾው ይሞታል፣ አረፋ የለም። ሦስቱም ብርጭቆዎች ዝም ካሉ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ እርሾው ከፓኬቱ ከተከፈተ ቆይቷል።

ጠርሙስ አፍ ላይ ፊኛ ማጥለቅ የተለመደ ነው፤ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃዋል፣ ፊኛው ቀድሞ አንዴ ሊነፋ ይገባል፣ እስከ 1 ሰዓት ያስጠብቃል። ከብርጭቆው የሚበልጥ ብዙ ነገር አያሳይም፤ ያልተነፋና የተቀደደ ፊኛ ደግሞ ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ የማነቅ አደጋ አለው። ለትንንሾቹ ብርጭቆው ይሻላል።

ሲጨርሱ ሁሉም ዱቄት ላይ ይደፋና ዳቦ ይቦካል፤ የሚጣል የለም። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ልጁ ራቅ ብሎ ምጣዱ ላይ ዓይኑ ሲወጣ ይይ፤ ሊጡ ሲቦካ የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ቀዳዳውን የሚሠራው።

## 4. እንቁላል፣ በጨው ወይም በአቼቶ

በጨው ያለው ርካሹ ነው። 1 ብርጭቆ ውሃ (250 ሚሊ ሊትር) ውስጥ ጥሬ እንቁላል ይስመጥ፤ ከዚያ እየወጣ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደቃቅ ጨው በደንብ እየሟሟ ይመለስ። ከ2 እስከ 3 ማንኪያ ላይ ይንሳፈፋል። ጨው ሳይሟሟ ከተቸኮለ "አልሠራም" ይባላል። እንቁላሉ ታጥቦ ይጠበሳል። በጾም ወቅት ብርቱካን ይተካዋል፦ ከነልጣጩ ይንሳፈፋል፣ ተልጦ ይሰምጣል፣ ከዚያ ይበላል። ለ3 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም።

በአቼቶ የሚሠራው ለታላላቆቹ ነው። እንቁላሉ በአቼቶ ተሸፍኖ ከ1 እስከ 2 ቀን ይቆያል፣ በመሃል አቼቶው ይቀየራል። ቅርፊቱ ይሟሟል፤ የሚቀረው በስስ ሽፋን የተያዘ፣ ሲነኩት የሚለጠጥ እንቁላል ነው። ይህ አይበላም፤ ከነካው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። እንቁላል ማባከን ካልፈለጉ ከዶሮ ወጥ የተረፈ ቀጭን አጥንት አቼቶ ውስጥ አንድ ሳምንት ይዘፍዝፉ፤ መታጠፍ ይጀምራል።

## 5. ስታርችና ውሃ

2 እጅ ኮርን ስታርች ለ1 እጅ ውሃ። ሲመቱት ይጠነክራል፣ ሲተዉት ይፈስሳል፤ የ3 ዓመት ልጅ ግማሽ ሰዓት ይቆይበታል። ለዳቦ የሚሸጠው የበቆሎ ዱቄት ግን አይሆንም፤ ገንፎ መሰል ነገር ብቻ ያወጣል። ስታርች ካላገኙ 1 ኪሎ ድንች ፈቅፍቀው በ1 ሊትር ውሃ ይለውሱ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጭመቁ፣ ውሃውን 20 ደቂቃ ያስቀምጡ። ታች የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ስታርች ነው፤ ላዩን ቀስ ብለው ይድፉት። የሚገኘው ጥቂት የሾርባ ማንኪያ ቢሆንም ለአንድ ልጅ መዳፍ ይበቃል፣ ድንቹም ይጠበሳል። የተረፈው ቆሻሻ ውስጥ እንጂ ዕቃ ማጠቢያ ውስጥ አይደፋ፤ ቱቦው ውስጥ ይረጋል።

## 6. ጥራጥሬ ማብቀል

ጠባዩ ዝግ ያለ ነው፣ ወጪ ግን የለውም። ባቄላ ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፤ በጠርሙስ ብርጭቆ ግድግዳና በረጠበ ሶፍት መካከል ከውጭ እንዲታይ ይሰካ። ከ3 እስከ 5 ቀን ሥር ያወጣል። የሚያበላሸው የውሃ መብዛት ነው፤ ሶፍቱ ይርጠብ እንጂ ባቄላው ውሃ ውስጥ አይዋኝ፣ ይበሰብሳል።

የተሻለው ሙከራ ግን ድፍን ምስር፣ ምስር ክክና የተቆላ ሽምብራ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ድፍኑ በ2 ወይም 3 ቀን ይበቅላል፣ ሌሎቹ አይበቅሉም። ክኩ ሲከካ ፍሬው ተጎድቷል፣ ቆሎው በእሳት ሞቷል። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ከሆነ ብቅሉን ያሳዩት፤ ያው ሥራ ነው በገብስ የተሠራው።

## 7. ወተት መቁረጥ

ግማሽ ሊትር ወተት ሊፈላ ሲል ይውረድ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ይጨመርበት፣ ይቆረጣል፤ ተጠልሎ ይበላል። እሳቱ የአዋቂ ስለሆነ ልጁ ሎሚ ከማፍሰስ ያለፈ ድርሻ የለውም። ወተት ላይ ቀለምና ሳሙና ጠብ የሚደረግበት የታወቀው ሙከራ ያምራል፣ ግን ወተቱ ይደፋል፤ ለዚያ ከሆነ ግማሽ ሲኒ በጠፍጣፋ ሳህን ይበቃል።

## በአንድ ዓይን

| ሙከራ | ዕድሜ | ውጤቱ የሚታየው | ጥንቃቄ | የሚተርፈው | ለመድገም | ለጾም |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሶዳና አቼቶ | 3+ | ወዲያው | ዓይን፣ ክዳን | ይደፋል | ጥሩ፣ መጠን ከተለካ | ይሆናል |
| ቀለም ቀያሪ | 5+ | ወዲያው | የፈላ ውሃ፣ እድፍ | ይደፋል፣ ጎመኑ ይበላል | እጅግ ጥሩ | ይሆናል |
| እርሾ በብርጭቆ | 5+ | 20–30 ደቂቃ | የፈላ ውሃ | ዳቦ ይሆናል | እጅግ ጥሩ | ይሆናል |
| እንቁላል በጨው | 4+ (ብርቱካኑ 3+) | 10 ደቂቃ | እጅ መታጠብ | ይበላል | ጥሩ | በብርቱካን |
| እንቁላል በአቼቶ | 7+ | 1–2 ቀን | ጥሬ እንቁላል | ይጣላል | መካከለኛ | አይሆንም |
| ስታርችና ውሃ | 3+ | ወዲያው | ቱቦ መደፈን | ይጣላል | መካከለኛ | ይሆናል |
| ጥራጥሬ ማብቀል | 4+ | 2–5 ቀን | የለም | ይተከላል | እጅግ ጥሩ | ይሆናል |
| ወተት መቁረጥ | 6+ | 5 ደቂቃ | እሳት | ይበላል | ደካማ | አይሆንም |

## ለእርስዎ ቤት የትኛው?

ምንም ሳይገዛ መጀመር ለሚፈልግ፦ ብርቱካኑ፣ ምስሩና የድንቹ ስታርች። ሦስቱም ከጓዳ ይወጣሉ።

15 ደቂቃ ብቻ ያለው፣ ልጁም ከ5 ዓመት በታች የሆነ፦ ስታርች ወይም ሶዳ። ስታርቹ ጽዳት ይጠይቃል፤ ሳፋ ውስጥ ይሁን።

የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ልጆች ካሉ ቀለም ቀያሪው ይሻላል፣ ሥራ ለሁሉም ይደርሳልና። ትንሹ በማንኪያ ይጨምራል፣ መካከለኛው ይገምታል፣ ትልቁ ይመዘግባል። ትልቁ ማንኪያውን ከነጠቀ ግን ጨዋታው ፈረሰ፤ ለየአንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሲኒ ይስጡ።

ትንሽ ማውጣት ለሚችልና ለትምህርት ቤት ሥራ የሚሆን ለሚፈልግ እርሾው ይመረጣል። አንድ ፓኬት ለብዙ ዙር ይበቃል፣ ውጤቱም በማስመሪያ ስለሚለካ ሰንጠረዥ ይወጣዋል። ሁሉም ብርጭቆዎች አንድ ዓይነት ስፋት ይኑራቸው፤ አለበለዚያ የአረፋው ቁመት አይነጻጸርም።

9 ዓመት ለደረሰና ሚዛን ላለው ቤት ደግሞ በአቼቶ የተላጠው እንቁላል ይበልጥ ይሄዳል። ቅርፊቱ ከለቀቀ በኋላ ይመዘን፣ አንድ ሌሊት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይደር፣ እንደገና ይመዘን፤ ውሃ በሽፋኑ ስለሚገባ ይከብዳል። በማግስቱ በስኳር በወፈረ ውሃ ይዘፈዘፍና ሦስተኛ ጊዜ ይመዘን፤ ይቀልላል። ሁለት እንቁላል አብረው ይጀምሩ፣ አንዱ እጅ ላይ መፈንዳቱ አይቀርም።